ሎጉን የሚሞላው የመግባት ሙከራ፦ የቤት ሰርቨርን ለመጠበቅ ከየት ይጀመር?

ጥያቄ፦ «ቤቴ ውስጥ ኡቡንቱ 24.04 (የሊኑክስ ሲስተም) የተጫነበት ትንሽ ሰርቨር አለኝ። ከውጭ ሆኜ ፋይሎቼን ለማግኘት ራውተሩ ላይ ፖርት 22ን (ግንኙነት የሚገባበትን ቁጥር ያለው በር) ከፍቼ በኤስኤስኤች፣ ማለትም ኮምፒውተርን ከሩቅ በትእዛዝ በሚያሠራው ፕሮግራም፣ እገባለሁ፤ የምገባው በይለፍ ቃል ነው። ሎጉን፣ ማለትም ሰርቨሩ የሆነውን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ስከፍተው በቀን በሺዎች የሚቆጠር ያልተሳካ የመግባት ሙከራ አገኘሁ። የመጡባቸውን አይፒዎች (የኢንተርኔት አድራሻዎች) አንድ በአንድ ማገድ ጀመርኩ፤ ሌሎች ይተካሉ። ፖርቱን ወደ 2222 ቀየርኩት፤ ጥቂት ቀን ጋብ ብሎ እንደገና ጀመረ። ሰርቨሬ ተጠልፏል? እንዴትስ ላስቁመው?»

ምላሽ፦

ሙከራውን ማስቆም አይቻልም። ከኢንተርኔት የሚደረስበት ማሽን ሁሉ ሲሞከር ይኖራል። በእጅዎ ያለው ነገር፣ ቁልፍ የሌለው ሰው ሚሊዮን ጊዜ ቢሞክር እንኳ የማይገባበት ሰርቨር ማዘጋጀት ነው። አይፒ እያሳደዱ ማገድና ፖርት መቀየር ከዚያ በኋላ የሚመጡ፣ ቢቀሩም ብዙ የማይጎዱ ሥራዎች ናቸው። እርስዎ የጀመሩት ከእነሱ ስለሆነ ነው ድካምዎ ፍሬ ያጣው።

ሙከራውን የሚያደርገው እርስዎን የሚያውቅ ሰው አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ በተጠለፉ ማሽኖች ላይ የተተከለ ፕሮግራም ነው፤ አድራሻዎችን በዘፈቀደ እየነካካ ፖርት 22 የሚመልስለትን ይፈልጋል። የአይፒቪ4 አድራሻ በጠቅላላው ወደ 4.3 ቢሊዮን ነው። ብዙ ይመስላል እንጂ በ2013 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይፋ የተደረገው ዚማፕ የተባለ መፈተሻ ፕሮግራም በአንድ ጊጋቢት መስመር ከ45 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ አንድን ፖርት በመላው አድራሻ ላይ መፈተሽ ይችላል። 2222 ደግሞ ብዙ ሰው ከ22 ሲሸሽ የሚመርጠው ቁጥር ስለሆነ ፈታሾቹ ያውቁታል። ጋብ ብሎ የተመለሰው ለዚህ ነው።

ክፍት ማሽን ካገኙ በኋላ የሚሞክሩት የተዘጋጀ የስምና የይለፍ ቃል ዝርዝር ነው። በ2016 በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ካሜራዎችንና ራውተሮችን በቴልኔት (በአሮጌው የርቀት መግቢያ) የጠለፈው ሚራይ የተባለ ጎጂ ፕሮግራም ይዞት የነበረው ዝርዝር ስልሳ ያህል ጥንድ ብቻ ነበር። ይህ በቂ የሆነለት ፋብሪካው የሰጠውን ቃል የሚቀይር ሰው ጥቂት በመሆኑ ነው። ሒሳቡን ከሌላው ወገን እንየው። አንድ አጥቂ በሰከንድ 4 ጊዜ ቢሞክር በቀን 345,600 ሙከራ ይሆናል። በዘፈቀደ የተመረጡ 8 ትንንሽ የላቲን ፊደላት ያሉት ቃል 208 ቢሊዮን ያህል አማራጭ አለው፤ በዚያ ፍጥነት ሁሉንም ለመጨረስ ከ1,600 ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ የሎጉ ርዝመት ብቻውን ምንም አይነግርዎትም። አደጋው ያለው ቃሉ ከዝርዝሩ ውስጥ ሲገኝ ወይም ሌላ ድረ ገጽ ላይ ተጠቅመውበት ሾልኮ የወጣ ሲሆን ነው። ሰርቨሩ ላይ «ቴስት» የሚባል ተረስቶ የቀረ ዩዘር ካለም የእርስዎ ቃል ጥንካሬ አያድንም፤ አጥቂው የሚገባው በደካማው በኩል ነውና።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ልምጣ፦ ተጠልፏል ወይ? የትእዛዞችንና የፋይሎችን ስም እንደሚነበቡ ጽፌያቸዋለሁ፤ ሰርቨሩ ላይ የሚተየቡት በላቲን ፊደል ነው። በኡቡንቱ የመግቢያ ሎጉ /ቫር/ሎግ/ኦዝ.ሎግ ነው። ከሚያዩዋቸው መስመሮች የአንዱ መልክ ይህን ይመስላል፦

ፌይልድ ፓስወርድ ፎር ኢንቫሊድ ዩዘር አድሚን ፍሮም 203.0.113.45 ፖርት 51122 ኤስኤስኤች2

«ኢንቫሊድ ዩዘር» ማለት አድሚን የሚባል ዩዘር ሰርቨሩ ላይ የለም ማለት ነው፤ የይለፍ ቃሉ ምንም ቢሆን ሊገባ አይችልም ነበር። 51122 የአጥቂው ማሽን የወጣበት ፖርት ነው። ብዙ ሰው የራሱ ሰርቨር ፖርት እየመሰለው ይህን ቁጥር ፋየርዎል ላይ ሊዘጋ ይሞክራል፤ ምንም ጥቅም የለውም። በጥንቃቄ መታየት ያለበት «ኢንቫሊድ ዩዘር» የሚለው ሐረግ የሌለበት መስመር ነው፤ ስሙ በትክክል አለ ማለት ነው። ሩት፣ ማለትም ሙሉ ሥልጣን ያለው ዋናው ዩዘር፣ ሁልጊዜ ስላለ በእሱ አይደንግጡ። የራስዎ የመግቢያ ስም በተደጋጋሚ ከመጣ ግን አጥቂው ስምዎን ከአንድ ቦታ አግኝቶታል።

ዋናው ፍለጋ ያልተሳካውን መቁጠር ሳይሆን የተሳካውን መመርመር ነው። ሱዶ ዜድግሬፕ አክሴፕትድ /ቫር/ሎግ/ኦዝ.ሎግ* ብለው ይፈልጉ። ዜድግሬፕ ያልኩት ሎጉ በየሳምንቱ እየተቀየረ አሮጌዎቹ ስለሚታመቁ ነው፤ ተራው ግሬፕ የታመቁትን አያነብም። እያንዳንዱ «አክሴፕትድ» መስመር ሰዓቱን፣ ዩዘሩን፣ አይፒውንና የገባበትን መንገድ ይነግርዎታል። ሁሉም እርስዎ ራስዎ የገቡባቸው ከሆኑ ጥሩ ምልክት ነው። ሙሉ ማረጋገጫ ግን አይሆንም፤ ሩት የሆነ ሰው ሎጉን ማጥፋት ይችላል። ስለዚህ ሌሎች ቦታዎችንም ይዩ። በእያንዳንዱ ዩዘርና በሩት የ.ኤስኤስኤች ማህደር ውስጥ ያለው፣ እንዲገቡ የተፈቀደላቸው ቁልፎች የሚዘረዘሩበት ኦተራይዝድ_ኪስ ፋይል ላይ የማያውቁት ቁልፍ አለ? የዩዘሮች ዝርዝር በሆነው /ኢቲሲ/ፓስወድ ውስጥ ከሩት ሌላ የዩዘር ቁጥሩ 0 የሆነ (የሩት ሥልጣን ያለው) አለ? በክሮንታብ (በየሰዓታቸው በራሳቸው የሚነሱ ሥራዎች ዝርዝር) ውስጥ ያላስገቡት ሥራ፣ ቶፕ በሚባለው ትእዛዝ ሲያዩ ሲፒዩውን የያዘ ያልታወቀ ፕሮግራም አለ? ወደ ቤት ሰርቨር የሚገቡ አጥቂዎች በብዛት የሚተክሉት የክሪፕቶ ገንዘብ ማውጫ ወይም ሌሎችን የሚያጠቃ ፕሮግራም ስለሆነ ያለ ምክንያት የጨመረ የሲፒዩ ሥራ ወይም የወጪ ትራፊክ ቶሎ ያሳብቃል።

አሁን በሩን ወደ መዝጋቱ። የመጀመሪያውና ትልቁ ሥራ በይለፍ ቃል መግባትን አጥፍቶ በቁልፍ ብቻ እንዲገባ ማድረግ ነው። ሰርቨሩ ላይ ሳይሆን በሚገቡበት ኮምፒውተር ላይ ኤስኤስኤች-ኪጄን -ቲ ኢዲ25519 ይበሉ። ሁለት ፋይል ይወጣል፤ አንዱ ከኮምፒውተርዎ የማይወጣ የግል ቁልፍ፣ ሌላው መጨረሻው .ፐብ የሆነ ይፋዊ ቁልፍ። ለግል ቁልፉ የይለፍ ሐረግ ሲጠይቅዎት ባዶ አይለፉት፤ ላፕቶፑ ቢሰረቅ ፋይሉን ብቻውን ከንቱ የሚያደርገው እሱ ነው። ከዚያ ኤስኤስኤች-ኮፒ-አይዲ ተጠቅመው ይፋዊውን ወደ ሰርቨሩ ይላኩ። ከስልክም ከሌላ ኮምፒውተርም የሚገቡ ከሆነ ለእያንዳንዱ የየራሱን ቁልፍ ይፍጠሩ፤ የግል ቁልፍ ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ አይገለበጥም። አንዱ ሲጠፋ የእሱን መስመር ብቻ ከኦተራይዝድ_ኪስ ላይ ሰርዞ መቀጠል የሚቻለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ቁልፉን አስገብተውም የይለፍ ቃል መጠየቁን ካልተወ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የፋይል ፈቃድ ላይ ነው። የ.ኤስኤስኤች ማህደር 700፣ ኦተራይዝድ_ኪስ 600 መሆን አለበት። የዩዘሩ ዋና ማህደርም ለቡድን የመጻፍ ፈቃድ ካለው ኤስኤስኤች ቁልፉን ሳያየው ይተወዋል፤ ሌላ ሰው ቁልፍ ሊጨምርበት ይችላል ብሎ ነው። ለሚገባው ወገን ምክንያቱን አይናገርም፤ ሰርቨሩ ሎግ ላይ ግን «ባድ ኦነርሺፕ ኦር ሞድስ» የሚል መስመር ያገኛሉ።

በቁልፍ መግባት መቻልዎን ካረጋገጡ በኋላ ነው የይለፍ ቃሉን የሚዘጉት። የሚያስፈልጉት መስመሮች አራት ናቸው፦ ፓስወርድኦተንቲኬሽን ኖ፣ ኬቢዲኢንተርአክቲቭኦተንቲኬሽን ኖ፣ ፐርሚትሩትሎግኢን ኖ፣ እና አላውዩዘርስ ብለው የእርስዎን ስም ብቻ። ሁለተኛዋን አይርሷት፤ ክፍት ከቀረች ሰርቨሩ በሌላ ስም ያንኑ የይለፍ ቃል መጠየቅ ሊቀጥል ይችላል። አላውዩዘርስ ደግሞ ያንን የተረሳ «ቴስት» ዩዘር ከጨዋታ ያወጣዋል።

ኡቡንቱ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ እዚህ ነው። መስመሮቹን በ/ኢቲሲ/ኤስኤስኤች/ኤስኤስኤችዲ_ኮንፊግ ውስጥ ይጽፋል፣ ሰርቪሱን ያስነሳል፣ ተዘጋ ብሎ ይተኛል። ግን የዚያ ፋይል መግቢያ ላይ ኤስኤስኤችዲ_ኮንፊግ.ዲ የሚባለውን ማህደር አስቀድመህ አንብብ የሚል ትእዛዝ አለ። በዚያ ማህደር ውስጥ 50-ክላውድ-ኢኒት.ኮንፍ የሚባል፣ ሲጫን የተፈጠረና ፓስወርድኦተንቲኬሽን የስ የሚል ፋይል ሊኖር ይችላል። ኤስኤስኤች አንድን ማስተካከያ ሁለት ቦታ ካገኘ የሚቀበለው መጀመሪያ ያነበበውን ነው፤ የኋለኛው የፊተኛውን አይሽርም። ስለዚህ የእርስዎ «ኖ» ተጽፎ ሳለ ሰርቨሩ የይለፍ ቃል ይቀበላል። መፍትሔው አራቱን መስመሮች በዚያው ማህደር ውስጥ ስሙ በ00 በሚጀምር፣ መጨረሻው .ኮንፍ በሆነ ፋይል ማስቀመጥ ነው፤ የሚነበቡት በስማቸው ቅደም ተከተል ነውና።

ከማስነሳትዎ በፊት ሱዶ ኤስኤስኤችዲ -ቲ በትንሿ «ቲ» ብለው የፊደል ስህተት ካለ ይፈትሹ፤ ዝም ካለ ደህና ነው። በትልቋ «ቲ» ሲሉት ደግሞ ከሁሉም ፋይል ተጣርቶ በመጨረሻ የጸናውን ያወጣልዎታል። ፓስወርድኦተንቲኬሽን እዚያ ላይ «ኖ» ካልሆነ ሌላ ቦታ የተጻፈውን አይመኑ። አሁን የገቡበትን መስኮት ሳይዘጉ ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ኤስኤስኤች ይበሉና በሌላ መስኮት አዲስ ግንኙነት ይሞክሩ። አሮጌው ግንኙነት በሪስታርት አይቋረጥም፤ አዲሱ እምቢ ካለ በእሱ ተመልሰው ያስተካክላሉ። ሰርቨሩ ቤትዎ ስለሆነ ኪቦርድና ስክሪን ሰክቶ መግባትም ይቻላል፤ ይህ የርቀት ሰርቨር ተከራዮች የሌላቸው እፎይታ ነው።

የመጨረሻው ፈተና ከውጭ ነው። ቁልፍዎ ከሌለበት ኮምፒውተር ለመግባት ይሞክሩ። «ፐርሚሽን ዲናይድ» ብሎ በቅንፍ ውስጥ «ፐብሊክኪ» ብቻ ከጻፈ ተዘግቷል። በቅንፉ ውስጥ «ፓስወርድ» የሚልም ከታየ ገና ክፍት ነው፤ የይለፍ ቃል መጠየቂያ ከመጣማ ጭራሽ አልተነካም።

እዚህ ድረስ ከሠሩ የዝርዝር ሙከራው ሁሉ ከንቱ ሆኗል። የሚቀረው ሌላ ዓይነት አደጋ ነው፤ የኤስኤስኤች ፕሮግራሙ ራሱ ቀዳዳ ሲገኝበት። በሐምሌ 2024 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ይፋ የሆነውና ሬግሬኤስኤስኤችዮን የተባለው ቀዳዳ ከ8.5 እስከ 9.7 ያሉትን የኦፕንኤስኤስኤች ስሪቶች የሚመለከት ነበር፤ የእርስዎ 24.04 ይዞ የወጣው 9.6 ነው። ቀዳዳው የሚሠራው ሰው ማንነቱን ከማረጋገጡ በፊት ስለሆነ ቁልፍም ሆነ የይለፍ ቃል አይከላከለውም። ኡቡንቱ ማረሚያውን ወዲያው አውጥቷል፤ ያላዘመነ ማሽን ግን አልታረመም። አንአተንድድ-አፕግሬድስ የሚባለው ፓኬጅ እየሠራ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የደህንነት ማረሚያዎችን እርስዎን ሳይጠብቅ ይጭናል።

ይህ ደግሞ ወደ ተሻለው ጥያቄ ይወስደናል። የሚገቡት እርስዎ ብቻ ከሆኑ ኤስኤስኤች ለመላው ዓለም ክፍት መሆኑ ምን ያደርጋል? ለቤት ሰርቨር የምመክረው ዋየርጋርድ ነው፤ በመሣሪያዎችዎና በሰርቨሩ መካከል የተመሰጠረ የግል ዋሻ የሚዘረጋ ቪፒኤን ነው። ከ2020 ጀምሮ፣ ከከርነል (የሲስተሙ እምብርት) 5.6 አንስቶ፣ የሊኑክስ አካል ሆኗል። የተለመደው ፖርቱ ዩዲፒ 51820 ነው፤ ትልቁ ጥቅሙም ትክክለኛ ቁልፍ ለሌለው ሰው ምንም መልስ አለመስጠቱ ነው። ፈታሹ ጥያቄ ይልካል፣ ዝምታ ይመለስለታል፣ አልፎ ይሄዳል። ሎግዎም ጸጥ የሚለው ያኔ ነው።

አሠራሩ አጭር ነው። ሰርቨሩና እያንዳንዱ መሣሪያ በደብሊውጂ ጄንኪ የየራሳቸውን የግል ቁልፍ ይፈጥራሉ፣ ይፋዊውን ይለዋወጣሉ። ለሰርቨሩ 10.8.0.1/24፣ ለስልኩ 10.8.0.2/32 የሚል የውስጥ አድራሻ ይስጡ። በስልኩ ላይ አላውድአይፒስ የሚለውን 10.8.0.0/24 ካደረጉት ወደ ሰርቨሩ የሚሄደው ብቻ በዋሻው ያልፋል፤ ሌላው ኢንተርኔት እንደወትሮው ይቀጥላል። ራውተሩ ላይ ዩዲፒ 51820ን ወደ ሰርቨሩ ያስተላልፉ። ግንኙነቱ እየሠራ መሆኑን በደብሊውጂ ሾው ያዩታል፤ «ሌተስት ሃንድሼክ» የሚል መስመር ካለ ተገናኝተዋል። ዝምተኛ ስለሆነ ሲበላሽ የስህተት መልእክት አይጠብቁ። ሃንድሼክ ከሌለ መጀመሪያ የሚታዩት ሁለት ነገሮች ናቸው፦ ራውተሩ ላይ በዩዲፒ ፈንታ ቲሲፒ መመረጡና ቁልፎቹ ተዛንፈው መግባታቸው። የቤትዎ አይፒ የሚቀያየር ከሆነ አድራሻውን በዳይናሚክ ዲኤንኤስ ስም (አይፒው ሲቀየር አብሮ በሚታደስ ስም) ይተኩት።

ዋየርጋርዱ ከሞባይል ዳታ ሲሠራ ካዩ በኋላ 22ንም 2222ንም ከራውተሩ ላይ ይሰርዙ። ፖርት የቀየሩ ሰዎች አሮጌውን ማስተላለፊያ ሳያነሱ ይተዉታል፤ ሁለቱንም ይፈልጉ። ዩፒኤንፒንም ያጥፉት፤ በቤት ውስጥ ያለ ማንኛውም ፕሮግራም ሳይጠይቅዎት ፖርት እንዲከፍት የሚፈቅድ ነው። አይፒቪ6 ካለዎት የፖርት ማስተላለፍን መሰረዝ ብቻውን አይበቃም፤ እዚያ ሰርቨሩ የራሱ የአደባባይ አድራሻ ስላለው የሚከላከለው የራውተሩ የአይፒቪ6 ፋየርዎል ነው፤ ሥራ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ። ሰርቨሩ ላይ ዶከር (ፕሮግራሞችን ኮንቴይነር በሚባል ለየብቻ በተከለለ ክፍል የሚያስኬድ) ካለ ደግሞ ይህን ይወቁ፦ በዶከር የተከፈተ ፖርት ዩኤፍደብሊው (የኡቡንቱ ፋየርዎል ማስተካከያ) ላይ በጻፉት ክልከላ አይታገድም፣ ዶከር የራሱን ሕግ ከፋየርዎሉ ሥር በቀጥታ ስለሚያስገባ። ከሰርቨሩ ውጭ መደረስ የሌለበትን ኮንቴይነር ፖርቱን ሲያወጡ ከ127.0.0.1 (ሰርቨሩ ራሱን ብቻ ከሚያገኝበት አድራሻ) ጋር ያያይዙት።

ኤስኤስኤችን ክፍት አድርጎ መተው ግድ ከሆነብዎት ፌይልቱባን ይጠቅማል፤ ያንን በእጅ የሚያደርጉትን እገዳ በራሱ ይሠራዋል። ሲጫን የሚመጣው ልክ በ10 ደቂቃ ውስጥ 5 ጊዜ የተሳሳተን ለ10 ደቂቃ ማገድ ነው። 10 ደቂቃ ለቦት (በራሱ ለሚሞክር ፕሮግራም) ምንም አይደለም፤ ባንታይምን (የእገዳውን ጊዜ) ወደ 1 ቀን ከፍ ያድርጉ፣ ባንታይም.ኢንክሪመንትን ያብሩ፤ ተመላልሶ የሚመጣውን እገዳው እየረዘመበት ይሄዳል። ማስተካከያውን በጄይል.ኮንፍ ሳይሆን በጄይል.ሎካል ይጻፉ፤ የመጀመሪያው ሲዘመን ሊቀየር ይችላል። የቤትዎን የውስጥ አድራሻ በኢግኖርአይፒ ውስጥ ያስገቡ፤ አለዚያ ራስዎን ያግዳሉ። ራስዎን ካገዱ ፌይልቱባን-ክላየንት ሴት ኤስኤስኤችዲ አንባንአይፒ ብለው አድራሻውን ያስከትሉ። የይለፍ ቃል ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ሎጉ ላይ «ፌይልድ ፓስወርድ» አይመጣም፤ በብዛት የሚታየው ግንኙነቱ ማንነት ሳይረጋገጥ ተዘጋ የሚል ነው። እነዚህንም እንዲቆጥር ሞድ የሚለውን አግሬሲቭ ያድርጉት። ወሰኑን ግን ይወቁ፦ ከሺህ የተለያየ አድራሻ አንድ አንድ ጊዜ የሚሞክር የቦት መረብ ከ5 በታች ስለሚሆን ፌይልቱባን አያየውም። የይለፍ ቃልን ክፍት አድርጎ በፌይልቱባን መተማመን የማይበቃው ለዚህ ነው።

በመጨረሻ፣ ከላይ ባልኩት ፍለጋ የማያውቁት «አክሴፕትድ» ወይም የማያውቁት ቁልፍ ካገኙ፣ እስካሁን የዘረዘርኩትን ሁሉ ለጊዜው ይተዉትና የኔትወርክ ገመዱን ይንቀሉ። ያገኙትን ፕሮግራም አጥፍቶ መቀጠል አይመከርም፤ ሩት የሆነ ሰው ምን ምን እንደቀየረ ከዚያው ማሽን ሆኖ በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። ሎጉንና ፋይሎችዎን ወደ ውጭ ዲስክ ይቅዱ፤ ፕሮግራሞችንና የማስተካከያ ፋይሎችን ግን አብረው አይመልሱ። ሲስተሙን ከአዲስ ይጫኑ። በዚያ ሰርቨር ላይ የተቀመጠ የግል ቁልፍ፣ የዳታቤዝ ቃል፣ የክላውድ መግቢያ ሁሉ ወጥቷል ብለው ይቁጠሩትና ንጹሕ ከሆነ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይቀይሩ። ራውተሩንም ይጨምሩበት፤ ወደ ቤቱ ኔትወርክ የገባ ሰው መጀመሪያ ከሚሞክራቸው ነገሮች አንዱ የእሱ የአስተዳዳሪ ገጽ ነው። አዲሱ ሲስተም ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኘው የቁልፉ ሥራ ካለቀና ከውጭ ከተፈተሸ በኋላ ይሁን።